ጋዙ አይደርስም፣ ጨው ግን ይደርሳል፦ የባሕር ጠረፍ አየር ሃሎጅኖች እንዴት ይለካሉ? ለኮምቦልቻስ ምን ማለት ናቸው?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድና ፓኪስታን ሰማይ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ አየር ሲወራ ሦስት የተለያዩ ነገሮች «መርዛማ ጋዝ» በሚል አንድ ስም ተጠቅልለው ይነገራሉ። አንዱ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ሰልፈርና አሲድ ነው። ሁለተኛው ከአፋር ጨው ሜዳና ከቀይ ባሕር ጠረፍ በነፋስ ይመጣል የሚባለው ክሎሪን ነው። ሦስተኛው ከተማዋ ራሷ የምታመነጨው፣ ከከባድ መኪና ጭስ እስከ በረኪና ሽታ ያለው ነው። በስልክ የሚዞረው ባለ ቀለም የሳተላይት ካርታና ከገበያ የተገዛ የእጅ ጋዝ መለኪያ ደግሞ ለሦስቱም ማስረጃ ሆነው ይቀርባሉ።

ሦስቱ ይገናኛሉ፤ የሚገናኙበት መንገድ ግን በወሬ ከሚነገረው ይለያል። ከባሕርም ሆነ ከጨው ሜዳ የተነሣ ንቁ ክሎሪን ወይም ብሮሚን የወሎን ተራራ ሳይወጣ መንገድ ላይ ያልቃል። ጨው ግን አያልቅም። በነፋስ ተጉዞ ከከተማ ጭስ ጋር ሲገናኝ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ ንቁ ክሎሪን ይወልዳል። ስለዚህ «ጋዙ ከየት መጣ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ምን ለካን? በምን ለካን?» የሚለው መመለስ አለበት።

ጨው እንዴት ጋዝ ይሆናል?

ሃሎጅን ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን «ጨው የሚያስገኝ» ማለት ነው። ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲን የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በወጥ ቤት ጨው ውስጥ ክሎሪን ከሶዲየም ጋር ታስሮ ክሎራይድ ሆኖ ስለሚቀመጥ ረጋ ያለ ነው። ንቁ ሃሎጅን የሚባለው ከዚህ እስር ወጥቶ በአየር ላይ ካሉ ሌሎች ጋዞች ጋር በሴኮንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ የሚዋሃደው ነው፤ የክሎሪን ጋዝ፣ ብሮሚን ሞኖክሳይድ፣ አዮዲን ሞኖክሳይድ፣ ሃይፖብሮመስ አሲድና ናይትሪል ክሎራይድ ከዚህ ይመደባሉ።

አንድ ኪሎ ግራም የውቅያኖስ ውሃ 19 ግራም ገደማ ክሎራይድ፣ 67 ሚሊ ግራም ገደማ ብሮማይድ፣ ከዚያም እጅግ ጥቂት፣ ከ0.1 ሚሊ ግራም የማይደርስ፣ አዮዲን ይይዛል። ቀይ ባሕር ከብዙ ባሕሮች ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ መጠኑ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ማዕበል ተሰብሮ አረፋው ሲፈነዳ ደቃቅ ጠብታዎች ወደ አየር ይረጫሉ፤ ውሃው ሲተን የጨው ብናኝ ተንሳፎ ይቀራል። ብናኙ ከፋብሪካ፣ ከመርከብ ወይም ከመኪና ጭስ በተፈጠረ አሲድ ሲነካ እስሩ ይላላል።

ቀን ላይ ዋናው ተዋናይ ብሮሚን ነው። አንድ የብሮሚን አቶም ከኦዞን አንድ ኦክስጅን ነጥቆ ብሮሚን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ይህም በአየር ውስጥ ካሉ ራዲካሎች፣ ማለትም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን ስላላቸው ለመዋሃድ ከሚቸኩሉ ሞለኪውሎች፣ ጋር ተገናኝቶ ሃይፖብሮመስ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ወደ ጨው ብናኙ ተመልሶ ሲሰርግ ውስጡ ያለውን ብሮማይድ ይዞ፣ ሁለት አቶም ያለው የብሮሚን ሞለኪውል ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ሁለቱን ትነጣጥላቸዋለች። አንድ ገብቶ ሁለት ስለሚወጣ ዑደቱ ራሱን እያባዛ ይሄዳል፤ ባለሙያዎች «የብሮሚን ፍንዳታ» የሚሉት ይህን ነው።

ሌሊት ላይ ተራው የክሎሪን ነው። ከጭስ የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከኦዞን ጋር ተዋህዶ በሁለት እርምጃ ዳይናይትሮጅን ፔንቶክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ ክሎራይድ ያለበት እርጥብ ብናኝ ላይ ሲያርፍ ናይትሪል ክሎራይድ ይወጣል። ፀሐይ ስለሌለች ሌሊቱን ሙሉ ይጠራቀማል፤ ጎህ ሲቀድ ተሰንጥቆ ንቁ የክሎሪን አቶምና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል። ለዚህ ሒደት ጨውና ጭስ ብቻ ይበቃሉ፤ ባሕሩ አጠገብ መሆን የለበትም።

ያጸዳሉ ወይስ ያበክላሉ?

በዚህ ላይ የሚቀርቡት ሁለት አስተያየቶች በየራሳቸው ቦታ ልክ ናቸው። ንጹሕ በሆነ የባሕር አየር ውስጥ ብሮሚንና አዮዲን ኦዞንን ይበላሉ። በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ለወራት በተደረገ ልኬት ብሮሚን ሞኖክሳይድ በቀን እስከ 2 ወይም 3፣ አዮዲን ሞኖክሳይድም 1 ወይም 2 ፒፒቲ ብቻ ተገኝቷል፤ ፒፒቲ ማለት ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች አንዱ ማለት ነው። ይህች ቅንጣት በዚያ አካባቢ የሚጠፋውን ኦዞን ያለ ሃሎጅን ከተሰሉ ሞዴሎች ግምት በግማሽ ያህል ከፍ ለማድረግ በቅታለች። ብሮሚን የሜርኩሪ ተንንም ወደሚሟሟ ዓይነት ስለሚቀይር ሜርኩሪው ወደ ውሃና ወደ አፈር እንዲወርድ ያደርጋል።

ጭስ በበዛበት ከተማ ነገሩ ይገለበጣል። ጠዋት የሚለቀቀው የክሎሪን አቶም ከነዳጅና ከማገዶ ተን ጋር ተዋህዶ የቀኑን ኬሚስትሪ በማለዳ ያስጀምራል፤ ውጤቱ የኦዞን መጨመር ነው። ናይትሪል ክሎራይድ ለመጀመሪያ ጊዜ በገሃዱ ዓለም አየር ውስጥ የተለካው በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ጠረፍ አካባቢ ሲሆን ከ1,000 ፒፒቲ በላይ ደርሶ ነበር። ብዙዎች ጉዳዩ የባሕር ጠረፍ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው ሳለ በ2009 እ.ኤ.አ. የካቲት፣ ከቅርቡ ጠረፍ 1,400 ኪሎ ሜትር በምትርቀው የኮሎራዶዋ ቦልደር አቅራቢያ እስከ 450 ፒፒቲ ተለካ። ቦልደር 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። ለኮምቦልቻ ሰው ከኬፕ ቨርዴ ይልቅ ቦልደር ብታነጋግረው አይገርምም።

የጨው ሐይቆች ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ናቸው። በሙት ባሕር ዳርቻ በ1997 እ.ኤ.አ. ብሮሚን ሞኖክሳይድ ከ80 ፒፒቲ በላይ ተለክቷል፤ በክፍት ውቅያኖስ ላይ ከሚገኘው በአሥር እጥፎች ይበልጣል። ምክንያቱ የሐይቁ ውሃ በብሮማይድ እጅግ የበለጸገ መሆኑ ነው። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት የአፍዴራን ወይም የዳሎልን ጨው በጅምላ ከሙት ባሕር ጋር እንድናመሳስል አያደርግም። ጨው ሁሉ አንድ አይደለም፤ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት በውስጡ ብሮማይድ ከክሎራይድ ጋር ያለው ምጥጥን ነው።

የእጅ መለኪያው ለምን ይሳሳታል?

በገበያ የሚገኘው የክሎሪን ጋዝ መለኪያ በኤሌክትሮኬሚካል ሴንሰር የሚሠራ ነው፤ ጋዙ ኤሌክትሮድ ላይ ሲዋሃድ የሚፈጠረውን ደቃቅ ኤሌክትሪክ ይቆጥራል። የተሠራው ለፋብሪካና ለውሃ ማከሚያ ደኅንነት ነው። የተለመደው ከ0 እስከ 10 ወይም 20 ፒፒኤም፣ በ0.1 ፒፒኤም እርምጃ ያነባል። ፒፒኤም ከሚሊዮን አንድ ነው። 0.1 ፒፒኤም ማለት 100,000 ፒፒቲ ማለት ስለሆነ፣ በጠረፍ አየር ውስጥ ያለው የክሎሪን ጋዝ፣ በዝቷል በተባለ ጊዜ እንኳ 100 እና 200 ፒፒቲ አካባቢ በመሆኑ፣ መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ሰውም በአፍንጫው ክሎሪንን የሚለየው ከ0.1 ፒፒኤም አካባቢ ጀምሮ ነው። «የባሕር ክሎሪን ሸተተኝ» የሚለው አነጋገር በዚህ ምክንያት አይጸናም፤ የሸተተው ነገር ካለ ምንጩ ቅርብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ክፍት የበረኪና ዕቃ ወይም በረኪና ከአሲድ ያለው የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር የተደባለቀበት ቦታ ነው። ይህ ድብልቅ በዝግ ክፍል ውስጥ እውነተኛ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አደገኛም ነው። በሥራ ቦታ ከ0.5 ፒፒኤም መብለጥ የለበትም ተብሎ የሚመከረው ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ ነው።

የባሰው ስሕተት ሌላ ነው። ብዙዎቹ የክሎሪን ሴንሰሮች ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና ኦዞንንም እንደ ክሎሪን ይቆጥራሉ። ከሚሌ በባቲ በኩል ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና በሚበዛበት አስፋልት ዳር ተይዞ «ክሎሪን 0.1» ያለ መሣሪያ፣ ዕድሉ የናፍጣ ጭስ እንዳነበበ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ባለበት፣ ለምሳሌ በፍሳሽ ቦይ አጠገብ፣ ንባቡ ከዜሮ በታች ሊወርድና እውነተኛውን ክሎሪን ሊሸሽግ ይችላል። መሣሪያው የተበላሸ አይደለም፤ ላልተሠራበት ሥራ ነው የዋለው።

በብርሃን መለካት

ፒፒቲን ለማየት አንዱ አስተማማኝ መንገድ ብርሃንን በረጅም ርቀት አየር ውስጥ ማሳለፍ ነው። ዶአስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ይህ ስልት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጀርመን አገር በኡልሪሽ ፕላትና በዲተር ፔርነር የዳበረ ነው። እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃን ውስጥ የራሱን ጠባብ መስመሮች እየመረጠ ይውጣል። አቧራና ጭጋግ ብርሃኑን በደምሳሳው ሲያደበዝዙት ጋዝ ግን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ ቅርጽ ይተዋል። ስልቱ ደምሳሳውን ቅናሽ ጥሎ ጥርሱን ብቻ ያነባል። ብሮሚን ሞኖክሳይድ ከ320 እስከ 345 ናኖሜትር ባለው የአልትራቫዮሌት ክፍል፣ አዮዲን ሞኖክሳይድ ከ418 እስከ 440 ናኖሜትር ባለው ሰማያዊ ክፍል ይፈለጋሉ።

ዕቃዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦ የዜኖን መብራት ወይም ኃይለኛ ኤልኢዲ፣ ብርሃኑን አጥብቦ የሚልክና የሚቀበል ቴሌስኮፕ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚተከል የማዕዘን አንጸባራቂዎች ሰሌዳ (በከባድ መኪና ጀርባ ከሚለጠፈው አንጸባራቂ ጋር በአሠራሩ ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ለአልትራቫዮሌት ከኳርትዝ መሠራቱ ነው)፣ ብርሃኑን ወደ ቀለማቱ የሚበትን ስፔክትሮሜትር፣ የቀዘቀዘ ካሜራ። ልኬቱ በተራ ይሄዳል፦ መጀመሪያ መብራቱ በርቶ በአየር ውስጥ ያለፈው ብርሃን፣ ቀጥሎ መብራቱ ተጋርዶ የፀሐይ ብርሃን ብቻ፣ ከዚያ አየር ውስጥ ሳያልፍ የመብራቱ የራሱ ብርሃን ይነበባል። የሁለተኛው ከመጀመሪያው ካልተቀነሰ የሰማዩ ብርሃን እንደ ጋዝ ይቆጠራል።

መጠኑ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በባሕር ወለል ላይ 1 ፒፒቲ ማለት በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ውስጥ 25 ሚሊዮን ገደማ ሞለኪውል ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ጉዞ 1 ፒፒቲ ብሮሚን ሞኖክሳይድ ከ10,000 የብርሃን ቅንጣት የሚውጠው 2 ወይም 3 ብቻ ነው። ርቀቱን ዝም ብሎ ማርዘምም አያዋጣም፤ በ330 ናኖሜትር ንጹሕ አየር ራሱ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከብርሃኑ ከግማሽ በላይ ይበትናል፣ በ430 ግን የሚበትነው ሩብ ያህሉን ነው። ስለዚህ ለብሮሚን አጠር፣ ለአዮዲን ረዘም ያለ መንገድ ይመረጣል።

ብልሽቱ የሚመጣው ባብዛኛው ከሦስት በኩል ነው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ስፔክትሮሜትሩ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ መስመሮቹ በመቶኛ ናኖሜትር ይንሸራተታሉ፣ ይህ ብቻ የሌለ ጋዝ ያሳያል። መድኃኒቱ መሣሪያውን በሙቀት በተጠበቀ ሣጥን ውስጥ አስቀምጦ በየቀኑ በሜርኩሪ መብራት መስመር ማመሳከር ነው። ሁለተኛው ጤዛና ጨው ነው። አንጸባራቂው ላይ ሌሊት ጤዛ ይይዛል፣ ሲደርቅ የጨው ቅርፊት ይተዋል። በጨርቅ ማሸት ኳርትዙን ይጭረዋል፤ በተጣራ ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ጀርባው ላይም መለስተኛ ማሞቂያ ማድረግ ይሻላል። ሦስተኛው የሌሎች ጋዞች መደራረብ ነው። ፎርማልዴሃይድና ኦዞን በብሮሚን ሞኖክሳይድ መስኮት ውስጥ የየራሳቸው ጥርስ አላቸው። ሁሉም አብረው ካልተሰሉ አንዱ የሌላውን ስም ይወስዳል። ከስሌቱ በኋላ የሚቀረው ትርፍ ቅርጽ ከተፈለገው ጋዝ ጥርስ የሚበልጥ ከሆነ፣ ቁጥሩ ምንም ያህል ቢያምር «ከመለየት ወሰን በታች» ተብሎ መመዝገብ አለበት።

መብራት ሳያስፈልገው ከሰማይ የተበተነውን የፀሐይ ብርሃን የሚጠቀም ቀለል ያለ ዓይነትም አለ። ቴሌስኮፑ ከአድማስ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 30 ዲግሪ እያለ ወደ ላይ ያያል፣ መጨረሻ ላይ 90 ዲግሪ አናቱን ያነባል። የአናቱ ንባብ ከዝቅተኞቹ ሲቀነስ ከላይኛው ከባቢ አየር ያለው ብሮሚን ይሰረዛል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ኤሌክትሪክ አይፈጅም፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ሌሊት ግን አይሠራም። አድማሱም ክፍት መሆን አለበት። ደሴ ከተማ ውስጥ ወደ ምዕራብ ቢተከል የጦሳ ተራራ ዝቅተኛዎቹን ማዕዘኖች ይጋርድበታል፤ ወደ አፋር ሜዳ በሚያዩት የምሥራቁ አፋፎች ላይ ቢተከል ግን ከብዙ አገር የማይገኝ ሰፊ እይታ አለው።

አየሩን ስቦ መለካት

ብርሃን ናይትሪል ክሎራይድንና ሃይፖክሎረስ አሲድን በዚህ መንገድ በቂ አድርጎ አያሳይም። ለእነዚህ የሚውለው ኬሚካል አዮናይዜሽን ማስ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ጋዙን በአዮዳይድ አዮን ላይ አጣብቆ በክብደቱ የሚለይ መሣሪያ ነው። ዋጋው በመቶ ሺዎች ዶላር ይቆጠራል፣ ፓምፖቹም ያልተቋረጠ ኃይል ይፈልጋሉ።

ጥንካሬው ማረጋገጫ ይዞ መምጣቱ ነው። ክሎሪን በተፈጥሮ 35 እና 37 ክብደት ያላቸው ሁለት አቶሞች አሉት፣ ብዛታቸውም ሦስት ለአንድ ገደማ ነው። ናይትሪል ክሎራይድ ከአዮዳይድ ጋር ሲጣበቅ በ208 እና በ210 ላይ ይታያል፤ የሁለቱ ምልክት ሦስት ለአንድ ካልሆነ የታየው ሌላ ነገር ነው። ለብሮሚን ምጥጥኑ አንድ ለአንድ ይጠጋል፤ ሃይፖብሮመስ አሲድ በ223 እና በ225 እኩል ገደማ ሆኖ መቆም አለበት።

ድካሙ ያለው መግቢያ ቱቦው ላይ ነው። ሃይፖብሮመስ አሲድ የቱቦውን ግድግዳ ሲነካ፣ በተለይ ግድግዳው ጨው ከያዘ፣ ወደ ብሮሚን ጋዝ ይቀየራል፤ ያኔ መሣሪያው በአየር ውስጥ ያልነበረ ብሮሚን ይዘግባል። ስለዚህ ብረት ወይም ተራ ፕላስቲክ አይሆንም፤ ቱቦው ቴፍሎን፣ አጭር፣ ፍሰቱም ፈጣን መሆን አለበት። ውስጡ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 1 ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ 15 ሊትር በደቂቃ ሲሳብ አየሩ ውስጡ የሚቆየው 0.3 ሴኮንድ ገደማ ነው። ቱቦው በየጊዜው ይታጠባል ወይም ይለወጣል። እርጥበትም የመሣሪያውን ንቃት ይቀይራል፤ ደረቅ ሲሊንደር ጋዝ ብቻ ተጠቅሞ ካሊብሬሽን ያደረገ፣ ማለትም መጠኑ በሚታወቅ ጋዝ መሣሪያውን ያመሳከረ፣ ሰው እርጥብ በሆነው የጠረፍ አየር ላይ የተሳሳተ ቁጥር ያገኛል። ናይትሪል ክሎራይድ በሲሊንደር ስለማይሸጥ እዚያው ይሠራል፦ መጠኑ የታወቀ የክሎሪን ጋዝ በእርጥብ ሶዲየም ናይትራይትና በጨው ድብልቅ ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል።

ከኮምቦልቻ አንጻር

ኮምቦልቻ ከአሰብ ጠረፍም ሆነ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በቀጥታ መስመር 400 ኪሎ ሜትር አትሞላም። በሴኮንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ርቀት ለመጨረስ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ብሮሚን ሞኖክሳይድና የክሎሪን ጋዝ በፀሐይ ብርሃን የሚቆዩት በደቂቃዎች እንጂ በቀን አይቆጠርም። ደቃቅ የጨው ብናኝ ግን ዝናብ ካላጠበው ቀናት ይጓዛል። በበልግ ከምሥራቅ በኩል እርጥብ አየር ወደ ወሎ ገደላማ ዳርቻ ሲወጣ፣ በበጋም ከአፋር ሜዳ አቧራ ሲነሣ፣ ጨው አብሮ የሚመጣበት በር ክፍት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ቆሻሻና ፕላስቲክ ማቃጠል ራሱ ክሎራይድና ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል፤ በብርዱ ወራት ሌሊት የዴልሂን አየር በክሎራይድ የሚሞላው የባሕር ጨው ብቻ አለመሆኑ ይታወቃል።

ሁለተኛው ግብዓት፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ከተማዋ ውስጥ አለ። የአዲስ አበባና የሚሌ መንገዶች እዚህ ይገናኛሉ፤ የቦርከና ሸለቆም በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ተኝቶበት ጭሱን ይይዛል። ጨው፣ ጭስ፣ ረጅም ሌሊት፦ የናይትሪል ክሎራይድ ሦስቱ መሥፈርቶች ናቸው። የሚጠበቀው ሰዓትም ይታወቃል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከፍ ብሎ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ስትወጣ የሚወርድ መስመር።

ታዲያ ይለካ? አንዳንዶች ለእኛ ከተማ ቅንጦት ነው ይላሉ፤ መጀመሪያ ሳንባ የሚጎዳው ደቃቅ ብናኝ ይለካ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዓመቱን አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ የመከረው ለዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ ክሎሪኑ ሳይታወቅ የኦዞኑና የናይትሬቱ ትንበያ ግማሽ ጎኑ ጨለማ ነው ይላሉ። ሚዛን የሚደፋው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን ግን መጣል አያስፈልግም፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው እርምጃ ርካሽ ነውና። ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያላት፣ ደሴ የወሎ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ የሆነች ከተማ እንደመሆኗ፣ ሥራው ለመመረቂያ ጥናት የሚበቃ ልክ አለው።

እርምጃው እንዲህ ነው። ውስጡ በ1 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔትና በ1 በመቶ ግሊሰሪን፣ በውሃና ሜታኖል እኩል ድብልቅ ተሟሙቶ የተቀባ የመስታወት ቱቦ ይዘጋጃል፤ ዲኑደር ይባላል። አሲዳማው ጋዝ ግድግዳው ላይ ይያዛል፣ ብናኙ በመሀል ያልፋል። ከኋላው የቴፍሎን ማጣሪያ፣ ከማጣሪያውም ኋላ ሌላ ካርቦኔት የተቀባ ማጣሪያ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ ፓምፑ። ቅደም ተከተሉ መገለበጥ የለበትም። ማጣሪያው ከፊት ከሆነ ናይትሪክ አሲድ ማጣሪያው ላይ ካለው ጨው ክሎራይድን ገፍቶ ያስወጣል፣ ይህ እንደ አየር ጋዝ ይቆጠራል።

በ10 ሊትር በደቂቃ ለ24 ሰዓት ሲሳብ 14.4 ኪዩቢክ ሜትር አየር ያልፋል። በአየሩ 0.5 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ሃይድሮጅን ክሎራይድ ቢኖር 7.2 ማይክሮግራም ይያዛል፤ በ10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ሲታጠብ 0.72 ሚሊ ግራም በሊትር ይሆናል። በውሃ የተሟሙ አዮኖችን ለይቶ የሚለካው አዮን ክሮማቶግራፍ ይህን ያለ ችግር ያነባል። ሥራውን የሚያበላሸው መሣሪያው አይደለም፤ የሰው ጣት ነው። ላብ ውስጥ ያለው ጨው ብቻውን ናሙናውን ሊሸፍን ስለሚችል ጓንት፣ መቆንጠጫ፣ እንዲሁም ፓምፑ ሳይነሣ ብቻ ተወስዶ የሚመለስ ባዶ ናሙና በየሳምንቱ ግድ ነው። በበረኪና በታጠበ ክፍል ውስጥ ናሙና መክፈትም እንዲሁ ውጤቱን ያበላሻል።

ከፍታም ይረሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት 81 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ወደ 75 ይወርዳል። ስለዚህ 1 ፒፒቲ ኮምቦልቻ ላይ 20 ሚሊዮን ገደማ፣ ደሴ ላይ ከ19 ሚሊዮን በታች ሞለኪውል ነው እንጂ 25 ሚሊዮን አይደለም። በባሕር ወለል የተመሳከረ የፍሰት መለኪያም እዚህ የተሳሳተ ሊትር ያሳያል፤ በቦታው ላይ እንደገና መመሳከር አለበት።

ከማጣሪያው የሚገኘው ደግሞ የራሱ ወሬ አለው። በባሕር ውሃ ለ1 ግራም ሶዲየም 1.8 ግራም ክሎራይድ፣ 0.12 ግራም ማግኒዥየም ይመጣል። ንጹሕ ዐለት ጨው ላይ ክሎራይዱ 1.54 ብቻ ነው፣ ማግኒዥየም የለውም ማለት ይቻላል። ማግኒዥየሙ ከባሕሩ ጋር እየገጠመ ክሎራይዱ 1.2 ሆኖ ከተገኘ ከክሎራይዱ ሲሶው በመንገድ ላይ ወደ ጋዝ ሄዷል ማለት ነው። ማግኒዥየም ከአፈር አቧራም ስለሚመጣ ካልሲየምንና አሉሚኒየምን ሳያዩ መፍረድ ያሳስታል። ክሎራይዱ በዝቶ ፖታሲየምም አብሮ ከፍ ካለ ምንጩ ማገዶ ወይም ቆሻሻ ማቃጠል ሊሆን ይችላል።

እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ

የሳተላይት ካርታው ላይ የሚታየው ቀለም ከመሬት እስከ ሕዋ ባለው ዓምድ ውስጥ ያለው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ድምር ነው። በ14 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚሄድ ደመና በካርታው ላይ ደማቅ ሆኖ ከሥሩ ያለው ከተማ ትንፋሽ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ሃይሊ ጉቢ ከኮምቦልቻ በቀጥታ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ደመናውም የሄደው ወደ ምሥራቅ ነበር። ብሮሚን ሞኖክሳይድ ከአፈ ገሞራው ተሠርቶ አይወጣም፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብሮማይድ ከአየሩ ኦዞን ጋር ሲደባለቅ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈጠራል። መጠኑም ለ10,000 የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል አንድ ገደማ ነው። ከላይ የተገለጸው የሰማይ ብርሃን ዶአስ ሁለቱንም አንድ ላይ ይለካል፤ የምጥጥኑ ለውጥ ስለ ማግማው ሁኔታ ፍንጭ ስለሚሰጥ ለእሳተ ገሞራ ክትትል ይጠቅማል።

ለአርብቶ አደሩ ግን አስቸኳዩ ልኬት ሌላ ነው። አመድ ላይ ተለጥፎ የሚወርደው ፍሎራይድ ከሣር ጋር በከብት ሆድ ይገባል፤ የግጦሽና የኩሬ ውሃ ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ምርመራው ቀላል ነው፦ ዝናብ ሳይነካው የተለቀመ 1 ግራም አመድ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ለአንድ ሰዓት በዝግታ ይናጣል፣ ይጣራል፣ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ይነበባል። መያዣው ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ ፍሎራይድ ብርጭቆን ስለሚያጠቃ በብርጭቆ የተቀመጠ ናሙና ያነሰ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። አመዱ የተለቀመበት ቀን፣ ቦታና ከዚያ በፊት ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፤ አንድ ዝናብ ያጠበው አመድ ከብቱ በመጀመሪያው ቀን የበላውን አይናገርም።